የንባብ ቤቱ ጣሪያና የጥር ዝናብ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለታምሩ
ጆሃንስበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ

ታሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህን የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ምንም አይደል እያልክ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ትውላለህ? ባለቤትህ ሜሮንስ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ትዝታ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? እናንተ ዘንድ አሁን ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና ልጅቷን ደህና አድርጋችሁ አልብሷት። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ያያል፣ እግሬ ይሄዳል፣ እበላለሁ። የጎደለኝ ማታ ቤት ስገባ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ሰው ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ እኮ እኔና አንተ ይሰማሃል፣ አይሰማኝም ስንባባል ካርዱ ያልቃል። በዚያ ላይ የምነግርህ ነገር ድምፅህን እየሰማሁ የምናገረው አይደለም። አይዞሽ እቴቴ ካልከኝ ሁሉንም ውጬ ዝም እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ይስሐቅ ወደ እናንተ አገር ሊመጣ ስለሆነ በእጁ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። እባክህ ደንበኛ እያስተናገድክ አታንብበው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ንባብ ቤቱን መቼም አትረሳውም፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያጠናህበት ነው። ቁልፉን ከያዝኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጣሪያው ያኔም ያረጀ ነበር፤ በኋላ ግን ዝገቱ በልቶት ቀና ስትል ሰማይ ይታይህ ነበር። የኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ዘጠኝ ወር ነው። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ባዶ የቀለም ጣሳ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እደቅናለሁ። መጻሕፍቱን ላስቲክ አልብሼ አስቀምጥና ተማሪ ሲመጣ ገልጬ አወጣለታለሁ። ባዮሎጂው ሁለት መደርደሪያ ሙሉ በስብሶብኝ እያለቀስኩ ጣልኩት። ሳቅብኝ ከፈለግህ፤ ለባዮሎጂ ነው ያለቀስኩት።

ባለፈው መስከረም ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከወረዳው የመጣው ባለሙያ በሜትር ለካክቶ ይህ ጣሪያ ጥገና አይመልሰውም፣ እንጨቱም ጭምር ተነቅሎ እንደ አዲስ መሠራት አለበት አለ። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ሞራሌ፣ ስንት ኪሎ ምስማር፣ ስንት ሜትር አሸንዳ እንደሚፈልግ ጽፎ ሰጠን። ወረዳው ግማሹን ሊችል፣ ግማሹን እኛ ልናዋጣ ተስማማን። በመስከረም ደግሞ በማን ቤት ብር አለ? ስለዚህ ቡና ሲደርስ እያንዳንዱ ቤተሰብ የአቅሙን ያህል ቡና እንዲሰጥ ተወሰነ። ኮሚቴም ተመረጠ። ሰብሳቢው አቶ ባምላኩ ሆኑ፤ እኚያ በሒሳብ ያሠቃዩህ የነበሩት ርእሰ መምህር፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እኔን ንብረት ያዥ አደረጉኝ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናው መጣ። ሰው በጀርባው እየተሸከመ፣ በባጃጅ እየጫነ፣ ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል አመጣ። ሃያ ስድስት ጆንያ ሞላ። ማሚት፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን ሁለት ጆንያ ሰጠች። ከዚያ የተረፋት ብዙ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ልጇ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት፤ ቤታቸው መብራት ስለሌለ የምታጠናው ንባብ ቤት ነው።

አቶ ባምላኩ ቡናውን ቶሎ እንሽጠው አሉ። ተነሥቼ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ጥር ሲጋመስ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ያኔ ብንሸጥ ስሱን ሳይሆን ወፍራሙን ቆርቆሮ እንገዛለን፣ ስሱን ከገዛን በአምስት ዓመት ተመልሰን እዚሁ እንሰበሰባለን ብዬ ሞገትኩ። ምላሴን ታውቀዋለህ፤ አሳመንኳቸው። እስኪሸጥ የት ይቀመጥ ሲባል ደግሞ ያለን ሰፊ ቤት ያው ንባብ ቤቱ ነው። አዎ፣ ለሚያፈስ ጣሪያ የተዋጣውን ቡና የሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አስቀመጥነው። ጊዜው በጋ ነው፣ የማያፈስበትን ጥግ እኔ አውቃለሁ አልኩ። አውቅም ነበር። ጣውላ አንጥፌ ደረደርኩት፣ በየማለዳው እየሄድኩ ጆንያውን በእጄ እዳብሰዋለሁ፣ ደመና ሲያንዣብብ ላስቲክ እደርብለታለሁ። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ከኔ እጅ አይወጣም።

አንተ የደወልከው ያኔ ነው። በጥር ሁለተኛው ሳምንት እመጣለሁ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሚዛን እደርሳለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቂኝ አልከኝ። ታሜ፣ እመጣለሁ ስትለኝ ይህ ሦስተኛህ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ በግ ገዝቼ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ስትቀር ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ ቤቴ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሁለተኛው ጊዜ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም። ለኮሚቴው ሚዛን ሄጄ የቆርቆሮ ዋጋ አጠያይቄ ልምጣ አልኳቸው። የመኪናውን ሒሳብ እንስጥሽ ሲሉኝ አይ፣ በራሴ እችለዋለሁ ስላቸው መረቁኝ።

ሦስት ቀን ጠበቅኩህ። ከሚዛን አጠገብ አማን ላይ ርካሽ አልጋ ይዤ በየጠዋቱ መናኸሪያ እሄዳለሁ። አውቶቡስ በገባ ቁጥር በሩ አጠገብ ቆሜ የሚወርደውን ሰው ፊት አያለሁ። ከተለያየን አሥራ አንድ ዓመት ነውና ፊቱ ተለውጦ ባልለየውስ እያልኩ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ትክ ብዬ ሳይ አንዱ ሰውዬ ምን አጠፋሁ እናቴ አለኝ። ስልክህ ዝግ ነው። እዚያ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ማንን እንደምጠብቅ ጠይቃኝ ወንድሜን አልኳት። በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ትታ ወንበር ታቀርብልኝ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በጥር እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም፤ ከነነፋሱ ነው የመጣው። የመናኸሪያው ቆርቆሮ ሲንጫጫ ቡናው ትዝ አለኝ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያኔውኑ ሚኒባስ ብይዝ ሳይመሽ እደርስ ነበር። ለአቶ ባምላኩ ደውዬ በሩን ስበሩት እንዳልላቸው፣ የአንድ ቀን ሥራ ሁለት ቀን ምን አቆየሽ ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። ስነሣ ስቀመጥ ቆየሁ። በመጨረሻ ግን ነገ ቢመጣና የሚቀበለው ሰው አጥቶ ሻንጣውን ይዞ እዚህ ቢቆምስ አልኩና ቀረሁ። ልነግርህ የፈለግኩት ይህን ነው። እያወቅኩ ነው የቀረሁት።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው አውቶቡስ ገብቶ አንተ ስትቀር ሐጂ ዐብዱልጀባር ሱቅ ገባሁ። የጅማ ሰው ናቸው፣ ቆርቆሮም ይሸጣሉ ቡናም ይገዛሉ። የቆርቆሮውን ዋጋ በወረቀት አጻፍኩ፤ ውሸቴ እውነት እንዲመስል። በሳምንቱ ደውለህ የመኖሪያ ወረቀትህ እንዳላለቀልህ ስትነግረኝ ግድ የለም፣ እኔ ምንም አልሆንኩም አልኩህ።

ንባብ ቤቱን ስከፍት ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። ነፋሱ አንዱን የዛገ ቆርቆሮ ገንጥሎ ወስዶታል፤ ያውም ደህና ነው ያልኩት ጥግ ላይ ያለውን። ላስቲኩ ተገፍፎ፣ ጆንያዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። ከሃያ ስድስቱ አሥሩ ብቻ ተረፉ። የቀረውን ሰዉ ተረባርቦ አሰጣው፣ ግን ሻግቶ ነበር። ሐጂ ዐብዱልጀባር መጥተው አንድ ፍሬ ሰብረው አሸተቱና ቀስ አድርገው መለሱት። የተረፉትን አሥር ጆንያ በደህና ዋጋ ገዙን።

ቢቆጡኝ ኖሮ ምንኛ በተሻለኝ። አቶ ባምላኩ ስብሰባ ላይ ቆመው ሰሎሜ የሕዝብ ሥራ ላይ እያለች የመጣ ጉዳት ነው፣ ዝናብን ማን ይከለክላል፣ እንዲያውም በገዛ ገንዘቧ ተንከራትታለች አሉና ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማሚት ጎደሬ ቀቅላ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ አትብሰልሰዪ ብላ እጄን ይዛ አጽናናችኝ። የራሷ ሁለት ጆንያ መበስበሱን አንድም ጊዜ አላነሣችም። ከዚያ ወዲያ ሰው መሸሽ ጀመርኩ። እሑድ ጸሎት ቤት ከኋላ ተቀምጬ ዝማሬው ሳያልቅ ሹልክ እላለሁ። ንባብ ቤት ብቻዬን ስውል ልጆቹ ሲገቡ እንኳ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር። ብቸኝነትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ሰው እየወደደህ ብቸኛ መሆን ሌላ ነው።

መጋቢት ላይ እንደገና ተሰበሰብን። የወረዳው ድርሻ ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን የኛ ግማሽ ካልተሟላ ሰኔ ሠላሳ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ይመለሳል። ማን ምን ሊጨምር ይችላል ሲባል ማሚት ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ለልጄ ልብስ ያሰብኩት ኮረሪማ አለኝ፣ እሱን እሰጣለሁ አለች። ያን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። የሄድኩት ለቆርቆሮ እንዳልሆነ፣ ወንድሜን ልቀበል እንደነበር፣ ዝናቡን እያየሁ ከነቁልፉ እንደቀረሁ። አቶ ባምላኩ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ታዲያ መጣልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው። ማሚት ነጠላዋን ሰብስባ ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ሰው ጠርቼ ከቤቴ ቆርቆሮ አስወጣሁ። ካቻምና በላክህልኝ ብር ከቤቴ ጀርባ ለአንተና ለሜሮን ክፍል እያሠራሁ እንደነበር ታውቃለህ። ግድግዳው ተመርጎ አልቆ ክዳን ብቻ ነበር የቀረው። ሠላሳ ቆርቆሮ፣ ወፍራሙን፣ ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው ነበር። ሳልጠይቅህ ለንባብ ቤቱ ሰጠሁት። የአሥሩ ጆንያ ዋጋ ተደምሮበት፣ የጎደለውን ምስማር ሐጂ ዐብዱልጀባር ጨምረውበት የኛ ግማሽ ሞላ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮው ተመታ። ከመኪናው ስናወርድ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ማሚት ይዘን ተሸከምን፤ ተራው እንዲያ አደረሰን። እስካሁንም ሰላምታዬን አትመልስልኝም። ልጇ ግን ትመጣለች፣ ታጠናለች።

አሁን ሲዘንብ ንባብ ቤቱ አንዲት ጠብታ አይገባውም። ያንተ ክፍል ግን ያለ ጣሪያ ቀርቷል። ግድግዳውን በኮባ ቅጠል ብሸፍነውም ጭቃው እየወረደ ነው። ብትቆጣ አልቀየምህም፤ ብሩ ያንተ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ሕዝብ ፊት ቆሜ እውነቱን ስናገር አልሞትኩም። አንተም እንዲሁ ንገረኝ። ኑሮህ እዚያው ከሆነ፣ ሱቁንም ልጅቷንም ትተህ መምጣት የማይሆንልህ ከሆነ፣ አልመጣም በለኝ። አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ይወጣልኛል። በጥር እመጣለሁ የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልችለውም። አምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ መናኸሪያ ቆሜ የሰው ፊት መመርመር ደክሞኛል። ክረምቱ ሲወጣ ያን ግድግዳ ላፍርሰው ወይስ ቆርቆሮ ልግዛለት? ይህን ብቻ መልስልኝ።

ሜሮንን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ ያላየኋት ምራቴ ብትሆንም በስልክ የምትስቀው ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነው። ትዝታን አቅፈህ ሳምልኝና አክስትሽ ናት በላት። አቶ ባምላኩ ሒሳብ አሁንስ ገባው ወይ ብለውሃል። የይስሐቅ እናት፣ ሐጂ ዐብዱልጀባርና ባለቤታቸው ከድጁ ሰላም ብለውሃል። ማሚት ሰላም አላለችህም፤ እንዳልዋሽህ ብዬ ነው። ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ። መልስህ አንድ መስመር ብትሆንም ይበቃኛል።

እህትህ ሰሎሜ
ሸዋ ቤንች አጠገብ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.