ፍየሏ የፈረመችበት ወረቀት

ለምወድህ ወንድሜ ለሮዋን፤

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ጣቶቼን ገመዱ ላጣቸው ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ ዳኑልህ ወይስ አሁንም እንደ ጥብስ ዓሣ ይላላጣሉ? የአላስካ ብርድ፣ የካፒቴንህ ቁጣ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት የማያልቅ ባቄላ፣ ሁሉም እንዴት ይዞሃል? እኛ ከአባባ በቀር ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ከክፍላቸው በር ላይ ቆሜ ነው፤ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር ጽፌ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

የአያታችን የአባባ ዴልበርት የቆሽት ካንሰር ጉበታቸው ደርሷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከተራራው አውርደን ዊሊትስ ከተማ የሕሙማን ማቆያ አስገባናቸው። ሞርፊኑ ሕመሙን ያባርርላቸዋል፤ ግን እሳቸውንም ይዞ ይሄዳል። ተኝተው ይውላሉ፣ ሲነቁ ያስመልሳቸዋል። በነቁባት ቅጽበት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሮዋን መጣ?» መልሱን ሳይሰሙ እንቅልፉ መልሶ ይወስዳቸዋል።

ዶክተር ኤሬራ እናታችንን ጠርተው፣ ካናቢስ የሚባለው ዕፅ ማስመለሱን ሊያስታግስላቸው እንደሚችል፣ ምናልባት ሞርፊኑም ትንሽ ሊቀነስ እንደሚችል ነገሯት። የማይድን ሕመምተኛ የራሱን ካናቢስ ማቆያው ውስጥ እንዲወስድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ አይጨስ እንጂ። የሐኪም ወረቀት ይኑር፣ የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ሠራተኞቹ አይነኩትም፣ የሚያጠጣው ቤተሰብ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሚስታቸው እማማ ዊኒ ግን ያንን ቅጠል አርባ ዓመት ሙሉ ከሸሪፍና ከሄሊኮፕተር ደብቀው ያበቀሉ ሴት ናቸው። «ተፈቅዷል» የሚባል ቃል ጆሯቸው አይገባም። የዙኪኒ ዳቦ ጋገሩ፣ የካናቢሱን ዘይት ብልቃጥ መሃሉ ላይ ቀበሩ፣ በሕይወታቸው ሕግ ጥሰው የማያውቁ መስለው ገቡ። ሲስተር ሊጋያ ደግሞ ደግ አይደለች? «ማዘር፣ ምን የመሰለ ዳቦ ነው! በጎን ላሉት ሕመምተኛም ልቁረስላቸው» ብላ ቢላዋውን ስታሳርፍ ቃ! አለ። ብልቃጡ ተወሰደ። አስተዳዳሪዋ «ጠይቀውን ቢሆን እኮ እንፈቅድልዎ ነበር» ስትላቸው፣ እማማ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እኛ ሰፈር የጠየቀ ነው የሚታሰረው» አሏት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አሰርኩ።

ከዚያ ቅጽ መጣ። የሚያጠጣው ሰው ሙሉ ስሙን ጽፎ መፈረም አለበት። እናታችን በዚያ ሰዓት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ትነዳለች። እኔ ገና አሥራ ስድስቴ ስለሆነ አይፈቀድልኝም። የቀሩት እማማ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ «ስሜ ከዚያ ቅጠል ጋር አንድ ወረቀት ላይ አይውልም!» ብለው ድርቅ አሉ። እናታችን ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ አለቀሰችባቸው። በሁለተኛው ቀን «እሺ፣ አምጡት» ብለው ፈርመው መለሱ። ደስ ብሎን ሳናበቃ አስተዳዳሪዋ «ትሩዲ ማን ናት?» ብላ መጣች። አንተ፣ ትሩዲን ታስታውሳታለህ! የዛሬ አራት ዓመት የሞተችው ፍየላችን ናት። በሕይወት ሳለች ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ትበላ ነበር፤ ሞታ መፈረም ጀመረች።

እኔ ስስቅ እናታችን ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አባባ ያን ሁሉ ጊዜ ወይ ይተኛሉ፣ ወይ ያስመልሳቸዋል። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን አባባ ስንጨቃጨቅ ነቁ። «ዊኒ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ወረቀት ሳስቷል። «አቤት፣ ዴል።» «አርባ ዓመት ተደብቄ ኖርኩልሽ። ተደብቄ አልሞትም።» እማማ መነጽራቸውን ከእኔ ቦርሳ አስወጥተው አደረጉ፤ ሙሉ ስማቸውን ከመስመሩ እስኪወጣ አግዝፈው ጻፉ። ከዚያ አስተዳዳሪዋን፣ «አሁን ሸሪፉን ጥሪው፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አሏት።

ዘይቱን ማጠጣት ከጀመርን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው። አልዳኑም፤ እንዳትሳሳት። ግን ትናንት ግማሽ ሳህን ሾርባ በልተው አላስመለሳቸውም፤ ከሰዓት በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነቅተው ያወራሉ። የሣጥኑ ቁልፍ እማማ አንገት ላይ ነው፤ በሕይወታቸው ቤት ቆልፈው የማያውቁት ሴት በየደቂቃው ይዳስሱታል። ትናንት የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር በላያችን ሲያልፍ ከወንበራቸው ዘለው ብርድ ልብሱን ሣጥኑ ላይ ጣሉበት! አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከገቡ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሳቃቸው ሲመለሱ ግን «ሮዋን መጣ?» አሉኝ። አሁን መልሱን እስክሰጣቸው ነቅተው ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው አይለቀኝም። «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ፣ ሮዋን። ዶክተሩ ከአሥር ቀን በላይ ተስፋ አይሰጡም። ይህ ደብዳቤ ወደቡ ላይ እንደ ደረሰህ ካፒቴንህን ለምነው፣ ወይም አስቀይመው፤ ብቻ ናና ውሸቴን እውነት አድርግልኝ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እንዳትረሳ።

እናታችን ከአውቶቡሷ መሪ ኋላ ሆና ትስምሃለች። እማማ ዊኒ ሰላም ብለውሃል፤ ይህን ደብዳቤ አንብበህ አቃጥለው ብለዋል፤ አትስማቸው። ሲስተር ሊጋያ ሳታውቅህ ናፍቃሃለች። ውሻችን ቢስማርክ ጫማህን በልቶ ጨርሷል፣ እሱም ሰላም ይልሃል። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩም። «ሲመጣ በአፌ እሰጠዋለሁ» ብለዋል።

እህትህ ፈርን
ዊሊትስ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023