የወንዝ ዳሩ አጥር

ለውድ እህቴ ለደብሪቱ፦

እንደምን ከረምሽ? የድሬዳዋ ሙቀት አላደከመሽም? ባለቤትሽ ዓለምነው ደህና ነው? ሜላትስ ከሳሉ ዳነችልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናታችንም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት።

ስለ ድንቹ ማሳ ስትጠይቂኝ ዝም ያልሁሽ አኩርፌ ነው። ስምንት መቶ ካሬ ሜትር በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚታጠር ጠይቄሽ፣ በካልኩለስ አስልተሽ ወንዝ ዳሩን ገደሉ ስለሚጠብቀው እንዳላጥረው፣ የእሱን ርዝመት አርባ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ሃያ እንዳደርግ ነገርሽኝ። እኔም ለሰማንያ ሜትር የሚበቃ ቀርቀሃ ገዛሁ።

ኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለምን ወንዝ ዳሩ ረዘመ? ውሃ የሚሳበው ከዚያ ነው። አጎታችን ወገኔም የተማረ ሰው በወረቀት ያርሳል፣ ነገ ውርስ ሲነሳ ውሃ ዳሩን ልትወስድብህ ነው አለኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ መሬቱን አንድ ቀን አላነሳሽም፤ ዝምታሽንም ጠረጠርሁት። ሰላምታሽ ሲበዛ እንኳ ምን ፈልጋ ይሆን እል ነበር።

ስለዚህ ገለበጥሁት። ወንዝ ዳሩን ሃያ፣ ወደ ውስጥ አርባ አድርጌ ሳጥር ቀርቀሃው ሃያ ሜትር ሲቀረው አለቀ። ክፍቱን በእሾህ ዘግቼ ጥር ሃያ ሦስት ለፈረስ ግልቢያው በዓል እንጅባራ ወረድን። ስንመለስ የመንደሩ ከብት ድንቹን ረግጦ ጨርሶታል። ባለቤቴ ሸጋ የተረገጠውን ድንች እየለየች ትለቅም ጀመር፤ እሱ ባሰብኝ።

በማግስቱ ገመድ ይዤ ለካሁ። ወደ ውስጥ አሥራ ስድስት፣ ወንዝ ዳሩ ሃምሳ ቢሆን ሰማንያ ሁለት ሜትር አጥር ይበላል፤ ሃያ አምስት በሠላሳ ሁለትም ያው ሰማንያ ሁለት። አንቺ የነገርሽኝ፣ የአጥሩ ርዝመት ቁልቁለቱ አልቆ ዳገቱ ሳይጀምር ያለችውን ሜዳ ኖሯል። ተንኮል ፈልጌ አጣሁበት።

ጥርጣሬው ግን አሁንም አልለቀቀኝም። ትናንት ለእናታችን፣ ወንዝ ዳሩን ትፈልጊ እንደሆን በደብዳቤ ልጠይቅሽ ነው አልኋት። አተኩራ አየችኝና፣ በአባታችን አርባ ዕለት ድርሻሽን ለእኔ እንደተውሽልኝ፣ እንዳልሳቀቅም እንዳትነግረኝ እንዳስማልሻት ነገረችኝ። አፈርሁ፣ እህቴ።

እናታችን ትስምሻለች፤ ሸጋ ናፍቃሻለች። ለዓለምነው ሰላም በይልኝ፤ የሜላትን ጉንጭ ሳሚልኝ። አጥሩን ነቅዬ እንዳልሽው እተክላለሁ። ከአርባው ሜትር ወንዝ ዳር ሃያው ግን የአንቺ ነው፤ አልፈልግም ብትይም አልሰማሽም።

ወንድምሽ ይኸነው
ጥርባ፣ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.