ስለ ሃያዎቹ የተደፈኑ ቀዳዳዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበረው የከተማችን የግንባታ ጽሕፈት ቤት
ካላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከአምቦ ወደ ጎጆ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለችው ከተማችን፣ ከግንባችሁ ግርጌ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናችሁ እንዴት ነው? አካም ጅርቱ? ልጆቹስ፣ ወንበሩስ ደኅና? እኛ ግንቡ እስከ ዛሬ ጠዋት ስላልወደቀ ደኅና ነን።

ስሜ ንዋይ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ቤቴ ከመንገዱ በታች፣ ከአራት ሜትሩ ደጋፊ ግንብ አምስት እርምጃ ርቆ ይገኛል። የምጽፈው ለመክሰስ እንዳይመስላችሁ፤ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፦ ስለ ውበት። ግንቡን የሠራው ኦቦ ዲንሳ ከጀርባው ጠጠር ሞልቶ፣ አፈሩ የጠጣው ዝናብ እንዲወጣ ሃያ ቀዳዳዎች ትቶለት ነበር። በመስከረም 2015 የምረቃው እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ግን፣ ከቀዳዳዎቹ የሚወርደው ውሃ አዲሱን ነጭ ቀለም አቆሸሸው። ኮሚቴያችሁ ተሰብስቦ ግንቡ ያፈሳል ሲል በቃለ ጉባኤ አጸደቀ፤ ሃያዎቹም በሲሚንቶ ተደፈኑ። ውሃው ከታፈነ ግንቡን ይገፋዋል እያለ የለመነው ኦቦ ዲንሳ ከግብዣው ስሙ ተሰረዘ። እሰይ! ሪባኑ ሲቆረጥ ግንቡ እንዴት ደርቆ ነበር!

ሁለተኛ፦ ባለፈው ክረምት ግንቡ ወደ እኛ ሆድ አውጥቶ ተሰነጠቀ። ጥቁሩ ኮቲቻ አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ በአካባቢያችን የሚያርስ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ እናንተ ግን ስንጥቁን በአስቸኳይ ቀለም ቀባችሁት። እጃችሁ ይባረክ።

ሦስተኛ፦ መውጫ ያጣው ውሃ በቤቴ ሥር ገባ፤ የወለሉ ኮንክሪት ተነሥቶ የመኝታ ቤቱን በር ያዘው። ባለቤቴ ሽታዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ከግንቦት ጀምሮ እዚያ ክፍል ተኝታለች፤ ሐኪሙም እንዳትነሣ አዟል። በሩ የሚያሳልፈው አንድ ሰው በጎኑ ነው፤ አልጋ አያሳልፍም። አቤት ስል የላካችሁልኝ ባለሙያ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ በሩ ከሥሩ እንዲላግ መከረኝ። አስላግሁት፤ ወለሉ እንደገና ተነሣ። ዝናብ በጣለ ቁጥር እሷ በመስኮቱ ግንቡን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። እፈራለሁ፤ ይህን እንኳ ያለ ምስጋና ልንገራችሁ።

አራተኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁ። ለዘጠኝ ማመልከቻ መልስ አላገኘሁም። ባለፈው እሑድ ግን ኦቦ ዲንሳ ከቸርች ሲመለስ መዶሻና መሮውን ይዞ መጥቶ አንዷን ቀዳዳ ከፈተልን፤ ከአንዷ ብቻ አሥራ አራት ጀሪካን ውሃ ቀዳን። ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ እንኳ ሳይከፈት፣ ሦስት ሰዎቻችሁ ደረሱ። የመንግሥት ንብረት አበላሽታችኋል ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጡን፣ መዶሻና መሮውን ወሰዱ፣ ቀዳዳዋን መልሰው ደፈኑ፣ ከላይም ቀለም ቀቡ። ለካስ ስትፈልጉ ትችላላችሁ!

ልመናዬ አጭር ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ ሃያዎቹን ቀዳዳዎች ክፈቱልን። ጉዳዩ የግድ ስብሰባ የሚያስፈልገው ከሆነ ከሽታዬ አልጋ አጠገብ ተሰብሰቡ፤ አራት ወንበር አለን፣ በጎን በጎን ሆናችሁ ትገባላችሁ።

ለነጭ ቀለም ባላችሁ ፍቅር ዘወትር የምደነቅ፣ ከጥላችሁ ሥር የማልርቅ፣ ታዛዥ ጎረቤታችሁ
ንዋይ
ሰኔ 21 ቀን 2016

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለኦቦ ዲንሳ መዶሻውን መልሱለት። ግንቡ ከመልሳችሁ ከቀደመ፣ የሽታዬን በር በመዶሻው ሰብሮ የሚያወጣት እሱ ነው።