ስለ ውሃውና ስለ እናታችን ድስት

ውድ እህቴ፣

ይህን ወረቀት ስትገልጪ መጀመሪያ የምትይው "ምነው ዶሮ የጫረው መሰለ!" ነው። እውነትሽን ነው፤ ዶሮው ግን እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው፣ ማንም አልነካውም። ባገራችን ሰዎች ማኅበር አዳራሽ፣ የኛንም የዚህንም አገር ጽሕፈት የሚያስተምሩበት የማታ ትምህርት ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። መምህርታችን እንደኔ የቀናው ተማሪ አይታ አታውቅም። በአፏ አላለችም፤ ፊቷ ላይ ግን ይነበባል፤ እኔ ደግሞ አሁን ማንበብ ችያለሁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። አገር ቤት ሳለሽ እልክልሽ የነበረውን ደብዳቤ ታስታውሻለሽ? "የጋሼ እጅ ጽሕፈት እንዴት ያምራል!" እያልሽ ለጎረቤት የምታሳዪውን? የኔ አልነበረም። እኔ እናገራለሁ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤታችን ጸሐፊ፣ ያገራችን ሰው፣ ይጽፋል። ፊርማዬን እንኳ እንደ ሥዕል ያስጠናኝ እሱ ነው። ወንድምሽ እስካለፈው ዓመት ድረስ የኛንም ሆነ የዚህን አገር ጽሕፈት ማንበብ አይችልም ነበር። ሥራ ቦታ ሳሙናውን የማውቀው በክዳኑ ቀለም ነው፤ ቢጫው ለአንሶላ፣ ሰማያዊው ለፎጣ። አውቶቡሱን በቁጥሩ። የቀረውን በአፌ እሞላዋለሁ። ጓደኞቼ "ጠበቃው" የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። እንዲህ የሚለፈልፍ ሰው ማንበብ አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል? አንቺም አልጠረጠርሽም።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ምን እንዳልሽኝ ልድገምልሽ። "ጋሼ፣ ይሄኛውም ሕንፃ አሮጌ ነው። የታሸገ ውሃ ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ መውጣት ወገቤን ቆረጠው። ማጣሪያ ልግዛ? የቱን? አንተ አንብበህ ንገረኝ።" ቀጥለሽም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "በኔ ድስት ልጄን ጎዳኋት፣ ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ራሴን ይቅር አልልም" አልሽ።

እኔ "እስቲ ልይልሽ" ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ሥራ ላይ የአንሶላውን ሳሙና ፎጣው ላይ ደፋሁት። "ጠበቃው፣ ዛሬ ምን ነካህ?" አሉኝ። "ክስ ቀርቦብኛል" አልኳቸው። ሳቁ። እውነቴን ነበር።

ያቺን ቀን ላስታውስሽ። አንቺና ሚጢጢዋ ልጅሽ እኔ ዘንድ ከመጣችሁ ሦስተኛ ሳምንታችሁ ነበር። በበሩ ሥር የገባውን ወረቀት አንስተሽ "ጋሼ፣ ምን ይላል?" አልሽኝ። ቧንቧ ተሥሎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ ነው የሚለው።"

"ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ለዚች ብቻ?"

"ወረቀት ተርፏቸው ነዋ!"

ሳቅሽ። አመንሽኝ። ጉራዬ መች በዚህ አበቃ? "ከሙቁ ቧንቧ ቅጂ፣ ቶሎ ይፈላልሻል። አሥራ ስድስት ዓመት ውሃ ውስጥ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ውሃ እኔን ጠይቂ!" አልኩሽ። አንቺም በልብስ ጠቅልለሽ ከአገር ያመጣሽውን የእናታችንን ድስት ጣድሽ። "ጀርም እንዳይተርፍ" እያልሽ ግማሹ እስኪተን ድረስ ታፈዪው ነበር። የልጅቷን ወተት በሱ በጠበጥሽ፣ ሾርባዋን በሱ ሠራሽ።

ከዚያ ሆዷ ደረቀ፤ ምግብ እምቢ አለች። "ጋጋ" እያለች ትጠራኝ አልነበር? እሱንም ረሳችው። ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት እንደተገኘበት ስትነግረን፣ አስተርጓሚው እኔው ነበርኩ። ስለ ቤቱ ቀለም ጠየቀች፣ ስለ ዕቃ ጠየቀች፣ አስተረጎምኩልሽ። "የእማዬ ድስት ይሆን?" ብለሽ ፊትሽ አመድ መሰለ። ቀጥላ ስለ ውሃ ጠየቀች። እሱን አላስተረጎምኩልሽም። "እኛ የታሸገ ብቻ ነው የምንጠጣው" አልኳት፤ ደሃ መስለን እንዳንታያት። እህቴ፣ ለዚያች ጉራ ስል ነው ጥፋቱ አንቺ ላይ የቀረው። ድስቱን እያለቀስሽ ከታች የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣልሽው። በወሩ ባልሽ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ሄዳችሁ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ዕቃ ውሃ ማፍላት ፈርተሽ ይኸው የታሸገ ትሸከሚያለሽ።

ባለፈው ወር መምህርታችን "ከቤታችሁ የትኛውንም ወረቀት አምጡና ለክፍሉ አንብቡ" አለች። ያ የቧንቧ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የመረጥኩት ለምን መሰለሽ? ምን እንደሚል አስቀድሜ ስለማውቅ፣ ሳልንተባተብ አንብቤ ሁሉንም ላስደምማቸው! ተነሣሁና ጀመርኩ። የዚህ ሕንፃ አሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ አለባቸው ይላል። ማፍላት እርሳስን አያስወግድም ይላል። ከሙቁ ቧንቧ ለመጠጥም ሆነ ለምግብ አትቅዱ ይላል። ሕፃናት ያሉበት ቤት ደግሞ... እዚያ ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ጎበዝ፣ ቀጥል እንጂ!" አለችኝ መምህርቷ።

"ይብቃኝ" ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩሽ። ይህም ይጻፍብኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ በዚህ ጊዜ አንብቤ ነው። መጀመሪያ የቧንቧችሁን ውሃ አስመርምሪ፤ ምን እንዳለበት ሳይታወቅ ማጣሪያ አይመረጥም። ሁሉም ማጣሪያ እርሳስ አያስቀርም፤ አንዳንዱ ጣዕሙን ብቻ ነው የሚያሳምረው። ካርቶኑ ላይ እርሳስን እንደሚያስቀር ተፈትኖ መረጋገጡ በግልጽ መጻፍ አለበት። ውስጡን በተባለው ጊዜ ቀይሪ። ለመጠጥም ለምግብም ከቀዝቃዛው ቧንቧ ብቻ ቅጂ። ውጤቱ እስኪመጣ የታሸገውን አትተዪ። ደግሞም የኔን ቃል ብቻ አትመኚ። ካርቶኑን ይዘሽ ለሚጢጢዋ ነርስ አስነብቢ። እኔም ለሐኪሟ ደውዬ ስለ ውሃው የዋሸኋትን ነግሬያታለሁ። የደሟ ምርመራ እንዳይቋረጥ አደራ ብላለች። እርሳሱ እየቀነሰ መምጣቱ ደግ ነው፤ የጎደለውን ሁሉ ይመልሳል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። እኔም አልገባልሽም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ቀን አንቺ ስትወጪ ወርጄ ድስቱን ከማጠራቀሚያው አውጥቼው ነበር፤ የእናታችን ዕቃ እዚያ ሲቀር አንጀቴ አልቻለም። አሁን እሱንም የቧንቧዬንም ውሃ አስመረመርኩ። ውጤቱ ረቡዕ ደረሰኝ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውሃው ከተፈቀደው በላይ እርሳስ አለበት። ድስቱ ንጹሕ ነው።

የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ድስቱን ይዤ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ አልቀየምም፤ ደጅሽ ላይ ከምርመራው ወረቀት ጋር አስቀምጬው እመለሳለሁ። አንቺ ግን አስገቢው፤ እጠቢና ጣጂው። እሱ ጥፋት የለበትም። አንቺም የለብሽም።

ከፊርማው በላይ ያለውም የራሱ የሆነው
ወንድምሽ