«ተነሳ» ሲጠብቅና ሲላላ

ረቡዕ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 12፡40፣ ሰርቪስ ውስጥ

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ይነዳል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሌላ ቀን ሰው ሁሉ ያንቀላፋል። ዛሬ ማንም አልተኛም። ከጎኔ ያለው የሰይድ ወንበር ባዶ ነው። የተቀመጠበት የለም። እኔም ቦርሳዬን አላስቀመጥኩበትም።

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን ሸሸሁህ። ዛሬ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ነገሩን እንደሆነው አንድ ቦታ ላስቀምጥ።

ክርክሩ የተጀመረው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። የዱቄት ፋብሪካችን ኤሌክትሪሺያን ደረጀ በስልኩ አንድ ጥያቄ አሳየን። አውሮፕላን ትልቅ ኮንቬየር፣ የሚሽከረከር ቤልት ላይ ቆሟል። ወደፊት በሮጠ ቁጥር ቤልቱ በዚያው ፍጥነት ወደኋላ ይሮጣል። ይነሳል ወይስ አይነሳም?

አይነሳም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ኮንቬየር ጠግኛለሁ። ቤልት ላይ ያስቀመጥከው ነገር ቤልቱ ወደወሰደው ይሄዳል። ሰይድ ሳቀብኝ። የወፍጮ ኦፕሬተር ነው፣ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል የተወ።

«ጌትዬ፣ አውሮፕላን ባጃጅ መሰለህ? በጎማው እኮ አይደለም የሚሄድ። አየሩን ነው የሚገፋው። ጎማው እጥፍ ቢዞር ምን ገዶት!»

«ቤልቱስ?»

«ቤልቱማ ያንተ ነው፣ ጎማ ሲያዞር ይዋል። ወላሂ ይነሳል።»

ሰርቪሱ ለሁለት ተከፈለ። ሳምንት ሙሉ ምሳ ወረፋ ላይ «አይነሳም መጣ» እያሉ ቦታ ይለቁልኝ ነበር። ስሜ ሆነ። በመጨረሻ ደረጀ ከማሸጊያ ስፖንጅ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩን ከተሰበረ መጫወቻ አወጣ። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ የዱቄት ጆንያ የሚያወጣው ኮንቬየር ባዶ ሲሆን ልንሞክረው ተቀጣጠርን።

ደረስን።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15። ጥገና ክፍል

ቀርቤ ተመለስኩ። መጀመሪያ ግን የቅዳሜውን ልጨርስ።

ያን ቀን ጠዋት ቤልቱ ላልቶ ይንሸራተት ነበር። ላጠብቀው የጫፉን መከለያ ፈታሁ። አጠበቅሁት። መከለያውን ሳልመልስ ደረጀ አውሮፕላኑን ይዞ መጣ። በኋላ አስረዋለሁ አልኩ። አራት ብሎን ነው። አራት ብሎን።

ቤልቱን ለቀቅሁት። ሰይድ ጎማዎቹ ሲዞሩ በቅርብ ልይ ብሎ ጫፉ ላይ አጎነበሰ፣ መከለያው በሌለበት በኩል። ደረጀ ሞተሩን አስነስቶ አስቀመጠው። አውሮፕላኑ ባለበት ተንቀጠቀጠ። ቤልቱ ሊወስደው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደፊት ሄደ። ቤልቱ ከሥሩ እንደሌለ ሁሉ ሄደ። አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ተነሳ! ተነሳ!» ብዬ ጮህኩ። ተሸናፊው እኔ። በደስታ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ። ደረጀም አንጋጥጧል። የሰይድን ጩኸት መጀመሪያ የደስታ መሰለኝ።

እጅጌው ነበር በቤልቱ የተያዘው። ቤልቱን የሚያቆመው ቀይ ቁልፍ ከእኔ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ሆስፒታል ቀኝ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

ሰው ሳይደርስ ደረጀ አውሮፕላኑን ጨፍልቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቤልቱን ስንሞክር ነው አልን። ሁለታችንም።

ዛሬ ሰብሳቢው የይመርን ቃል አነበበ። ይመር የጫኞች አለቃ ነው። ውጭ መኪናው ዘንድ ነበር፣ አላየም፣ ሰምቷል። በገዛ እጁ ጽፎ ሰጥቷል፦ «ጌታቸው ተነሳ ተነሳ ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያው ሰይድ ጮኸ።»

ሰብሳቢው አላልቶ አነበበው። ለተጎነበሰ ሰው «ተነሳ፣ ቀና በል» እንደሚባለው።

«ይህን ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች፦ ተጎጂው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። መከለያውን ማን ፈታው ተባለ። ሰይድ ራሱ ሳይሆን አይቀርም አለ አንዱ። ዝም አልኩ። ደረጀም ዝም።

አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ይመር አልዋሸም። እኔም የዋሸሁት ቃል የለም። «ሳ»ን ጠበቅ ብታደርጋት አውሮፕላን ናት፣ ላላ ብታደርጋት ሰው ናት። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ፈረምኩ።

የሚመጣው ረቡዕ ውሳኔው ይፈረማል። በራሱ ቸልተኝነት ከተባለ ሰይድ ካሳ የለው፣ ሥራ የለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ጠዋት፣ ሰርቪስ

ባለቤቴ መስከረም ልትቀሰቅሰኝ «ተነሳ!» አለች። በርግጌ እጆቼን ፈለግሁ። ሁለቱም አሉ። ምን ሆነህ ነው አለች። ብርድ ነው አልኩ።

ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ጎደለ። ረዳቱ ደወለለት። «ኧረ ተነሳ! ሰርቪሱ ተነሳ እኮ!» በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም። ማንም ግራ አልገባውም። ጆሮ ያውቃል። የማያውቅ ወረቀት ነው።

ሰብሳቢውም ጆሮ አለው። ማሰማት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ደረጀ አጠገቤ አልተቀመጠም። ፋብሪካው በር ላይ ያዘኝ። ብትናገር እኔም አንተም እንባረራለን አለ። «እጁ እንደሆን ተመልሶ አይበቅል። ልጆች አሉኝ አንተዬ።» ዓይኑ ቀልቷል። እሱም አልተኛም። ልጠላው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የተናገረው ሁሉ እኔ ለራሴ ያልኩት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 10 ሰዓት

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። በር ላይ ስደርስ በአንድ እጅ እንደማይላጥ ገባኝ። ልመለስ ነበር። እናቱ አዩኝ።

ከሐርቡ የመጡ ናቸው። አልጋው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እንዴት ነዎት እማማ አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ጌታቸው አንተ ነህ? ተነሳ እያልክ የጮህክለት?»

አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት። ለልጄ የጮኸውን አፍ አላህ ክፉ አያሰማው አሉ። አሚን አልኩ። አሚን ያልኩበትን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። ከስቷል። ፋሻው ትልቅ ነው፣ ውስጡ ሙሉ እጅ ያለ ይመስላል።

«ተነሳ አይደል?»

«ተነሳ።»

«ምን ያህል?»

ለካ አላየውም። ጎማውን ሲያይ ነበር። እስከ አምፖሉ ድረስ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። «አላልኩህም፣ አቶ አይነሳም! ጌትዬ!»

ብርቱካን ላጥኩለት። የኮሚቴው ሰዎች መጥተው እንደነበር ነገረኝ። ጌታቸው ሲጮህ ሰምተሃል ወይ ብለውት፣ ሰምቻለሁ ብሏል። እሱም እንደ እኔ እውነቱን ነው የተናገረው።

«የአውሮፕላኑን ባወራ እናንተን ያባርሯችኋል። እኔን መቼስ በአንድ እጅ መጋዘን ጆንያ ያስቆጥሩኛል። አብሽር፣ አይዞህ።»

እሱ እኔን አብሽር አለኝ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አልነገርኩትም። አፌን ከፈትኩ፣ እናቱ ገቡ። ብርቱካኑን እየላጥኩ ጨረስኩት። አራቱንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ምሳ ሰዓት

መከለያውን ዛሬ አሰርኩት። ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

ጸሐፊዋን ጠየቅኋት። የሰጠሁትን ቃል ማረም ይቻላል? ሳይፈረም በፊት፣ በጽሑፍ፣ ይቻላል አለች። ፊደል ተሳስቼ ነው? አለችኝ። የለም፣ ፊደሉ ልክ ነው አልኳት። አየችኝ። ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10። ከሥራ መልስ

አልጻፍኩም። ጀምሬ ቀደድኩ። የቤት ኪራይ፣ የመስከረም እርግዝና፣ ዕድሜዬ። ማን ይቀጥረኛል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ጆንያ ሊቆጥር ወደ በሩ የሚመጣውን ሰይድ አሰብኩ። ዘበኛው ስሙን መዝገብ ላይ ሲፈልግ። ሲያጣው። ሰይድ ሲስቅ፣ ተሳስታችሁ ነው ሲል።

ለመስከረም ነገርኳት። ሁሉንም፣ መከለያውንም።  ከዚያ እናቱ አስጠንቅቆለታል ብለው ነው የመረቁህ? አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 12፡50፣ ሰርቪስ ውስጥ

ጻፍኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ «ሳ» ላይ ነጥብ አድርጌ ነበር። ከዚያ በቅንፍ «ጠብቆ ይነበብ» ብዬ ጨመርኩ። አስቂኝ ሆነ። ሰብሳቢው የቋንቋ መምህር መሰልክ ይለኛል። ቀደድኩት። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ዓረፍተ ነገሩ ምልክት አልጎደለውም። የጎደለው ባለቤት ነው።

«አውሮፕላኑ ተነሳ ብዬ ጮህኩ። በዚያን ጊዜ ሰይድን አላየሁትም። አላስጠነቀቅሁትም። መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሳላስር ቤልቱን የለቀቅሁትም እኔ ነኝ።»

አራት መስመር። የደረጀን ስም አልጻፍኩም። አውሮፕላኑን ማን ሠራው ካሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። ምናልባት እዋሻለሁ።

ደረጀ ዛሬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሰይድ ወንበር ላይ። ስጽፍ አየ። እጄ ደብተሩን ሊሸፍን ፈለገ፣ ተውኩት። እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ። ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ቁልቁለቱ አለቀ። የፋብሪካው በር ተከፍቷል። በቀኝ ልብስ መቀየሪያው፣ በግራ የኮሚቴው ቢሮ።

ቱታዬን አልለብስም። ወደ ግራ።