ከስቲከሩ ሥር

ሬዋ እህቴ፣
ከሆባርት ነው የምጽፍልሽ፤ ትከሻዬ አልቋል። አንድ የውድድር ጀልባ ሸራ የሚሰቀልበትን የካርቦን ምሰሶ አጋድመውልኝ፣ ቅባት እየለቀለቅኩ፣ ውስጡ ተጎድቶ እንደሆን ለማወቅ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እየላክሁበት፣ አመላለሱን ስክሪን ላይ ሳይ ዋልኩ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ አልገባም አለ። ትልቅ ስቲከር ለጥፈውበታል።

«ይላጥ» አልኩ።

«ጭረት አየንና ክፉ ይመልስልን ብለን ነው የለጠፍነው» አለ ባለጀልባው ብሬንደን። «ነገ ተክለነው እንወጣለን፤ አንቺ ሴትዮ አታሟርቺብን!»

ላጥኩት። ላዩ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን ንብርብሩ ተላቅቋል። የተላቀቀውን ዙሪያውን በእርሳስ ከበብኩት።

እኛ አገር ዋንጋሬይ ቢሆን ሰድበውኝ ይወጣላቸው ነበር። ብሬንደን ግን መዳፉን ክቡ ላይ አሳረፈ። ልክክ አለ።

«በቀደም ልጄ ምሰሶው አናት ላይ ተንጠልጥላ ነበር» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለምሰሶው።

ልጁ ቴጋን፣ ጉዞውን አስቀረሽብን ብላ አኩርፋኛለች። ቢሆንም ስካሎፕ የሚሉት የባሕር ዛጎል ሥጋ ያለበት ትኩስ ፓይ አምጥታ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ማሽኔ አጠገብ አስቀምጣልኝ ሄደች።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ። ባልሽ ታማቲ ጀልባውን ሳላይለት ባሕር እንዳይወጣ ያዢልኝ። ከፈለገ ያኩርፈኝ።

ያንቺዋ ሜሬ