ከድዴ ላይ የተቆረጠው ንቅሳት

ይመርዬ፣ የኔ ዓለም፣

ጎረቤታችን ዘይነባ ጉልበቷን ተሽሏታል፤ አልሐምዱሊላህ እያለች ቅዳሜ ገበያ በእግሯ ወጣች። ወግዲ አገር ያገባችው ልጇም ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። አንተ ከሄድክ እነሆ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱም ደህና ነው፤ ያቺ ተራጋጭ ላምህ እንኳ ለእኔ ገርታለች።

ዛሬ የማወራህ ግን ስለ ድዴ ነው፤ ስለዚያ አንተ ስለምትወደው ጥቁር ንቅሳት። ማኅበር ላይ ሆን ብለህ ታስቀኝና ሰው ሁሉ ሲያየው፣ አንተ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጠላህን ትጠጣ ነበር።

ካረፍክ ወዲህ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነው የከረምኩት። ሰው ሐዘኗ አልወጣላትም ይለኛል። ሐዘኑስ አለ፤ ግን ድዴ እየደማ አፌም እየሸተተ አፍሬ ነው። ንቅሳቱ የድዴን መቅላት ሸፍኖብኝ ነበር። መነቀስ ድድ ያጠነክራል ሲሉ ሰምቼ እንደገና አስወጋሁት፤ ባሰብኝ እንጂ። የፊት ጥርሶቼ መነቃነቅ ሲጀምሩ ዘይነባ ናት ነጠላዬን ገልጣ አይታ፣ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ። እነሱም ወደ ደሴ ላኩኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የታመመውን ጠርዝ ቆርጠን፣ ድዱን ከፍተን፣ የጥርሱን ሥር አጽድተን እንሰፋዋለን፣ አለዚያ ጥርሶችሽ ይረግፋሉ አለችኝ። ንቅሳቴስ ብላት፣ አብዛኛው ይሄዳል አለች። ተነስቼ ወጣሁ። ከእኔ ላይ አንተ የምትወደው የቀረ እሱ ብቻ መሰለኛ። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደግሞ ወዲያ ስመጣ ጥርስ አልባ አሮጊት ሆኜ ባትለየኝስ ብዬ ተመለስኩ።

በማደንዘዣ ስለሆነ የተሰማኝ መጎተቱ ብቻ ነው። አሁን ስፌቱ ወጥቷል፣ ጥርሶቼም ጸንተዋል። ከላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ቀርታለች፤ ከሥሯ ያለው እንደ ሕፃን ድድ ቀይ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት በጨው ውሃ ስጉመጠመጥ በመስታወት አያታለሁ፤ እያየኋትም አስብሃለሁ። ይሄ ልማዴ ወዳንተ እስክመጣ ድረስ አይቀርም።

ትናንት ቤተሰቦችህ ሊጠይቁኝ መጡ። እህትህ አጥሚት ይዛ ገባች፤ ድዴን አየችና ወንድሜ እንኳን ይህን አላየ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ወንድምህ አያ ደምሴ ደግሞ እስቲ ግለጪው ብለው፣ እንደ በቅሎ ነጋዴ ጎንበስ ብለው አዩኝና፣ ገና ልጅ ናት፣ አንሸጣትም አሉ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ ነጠላውም ከእጄ ወደቀ። እህትህ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ፣ በይ ድገሚልኝ፣ ይመር ያሳቀሽ መሰለኝ አለች።